የተማሪ ምስጢር እና የወላጅ ጥያቄ

የንስሐ አባት በኑዛዜ የሰማውን ለማንም እንዳያወጣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታሰረ ሲሆን፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ ማለትም በተለምዶ «ጋይዳንስና ካውንስሊንግ» የሚባለውን አገልግሎት የሚሰጠው ባለሙያ፣ የሚገባው ቃል ግን ገደብ አለው፤ በተማሪው ሕይወት ላይ አደጋ መኖሩን ካወቀ ዝም እንደማይል አስቀድሞ ይናገራል። ገደቡን የሰማ ልጅ ሊናገር የመጣውን በሆዱ ይዞ ሊመለስ ስለሚችል፣ ይህ ሐቀኝነት ራሱ ዋጋ ያስከፍላል።

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 የወሰነው ጉዳይ የዚህን ገደብ አስፈላጊነት ያሳያል። አንዲት የ13 ዓመት ተማሪ ራሷን ለማጥፋት ማሰቧን ለጓደኞቿ ተናግራ ነበር፤ ነገሩ የደረሳቸው አማካሪዎች ሲጠይቋት ካደች፣ እነርሱም ለወላጆቿ ሳያሳውቁ ቀሩ፣ ልጅቷም ሞተች። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ ፍንጭ የደረሳቸው አማካሪዎች አደጋውን ለመከላከል ተገቢውን ጥረት የማድረግ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ወላጅን ማስጠንቀቅም የዚሁ ጥረት አካል መሆኑን ወሰነ። ፍርዱ ተገቢ ነው፤ ያረፈው ግን ወላጅ የልጁ መጠጊያ ነው በሚል እምነት ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ገጠር አንዲት ተማሪ «በጥር ሊድሩኝ ነው» ብላ ስትናገር ይህ እምነት ይናጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ስለወሰነ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ ያለዕድሜ ጋብቻን ስለሚያስቀጣ፣ አማካሪው ለሕግ አካል ቢያመለክት ሕጉ ከጎኑ ነው፤ ለወላጅ ቢናገር ግን ሠርጉን ሊያፋጥን ይችላል። ልጅቷም ብትሆን ከጋብቻው መዳን እንጂ አባቷ እንዲታሰር አትፈልግ ይሆናል፣ ምክንያቱም ከክሱ በኋላም የምታድረው እዚያው ቤት ነው። ስለዚህ «ለማን ይነገር?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በዝምድና ሳይሆን የሚነገረው ሰው ልጅቷን ለመጠበቅ ባለው ፈቃድና አቅም ነው፤ ከመነገሩ በፊትም እርሷ ማወቅና መመካከር ይገባታል።

ከሁሉ የሚከብደው አባት መጥቶ «ልጄ ምን ነገረችህ?» ሲል ነው። ይዋሽ? ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው ድርሰት ወዳጅን ለመግደል ለሚያሳድድ ሰው እንኳ መዋሸት እንደማይገባ ተከራክሯል። ይህን ጥብቅ አቋም የሚቀበል አማካሪ የሚቀረው ዝምታ ነው፤ «ልነግርዎ አልችልም» ማለት ግን የሚነገር ነገር እንዳለ ያሳብቃል። ዝምታው እንዳያሳብቅ አማካሪው ስለ ማንኛውም ተማሪ ለሚጠይቅ ወላጅ ሁሉ፣ ምስጢር ኖረም አልኖረም፣ ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ያንኑ መልስ ሲሰጥ መቆየት ይኖርበታል።