ዛጎልና ጥበብ

ፍጡርን ከጥፋት የሚያድነው ቅጥሩ ነው ወይስ ጥበቡ? ይህ ጥያቄ ለአዲ አርቃይ ሰው እንግዳ አይደለም። ከከተማይቱ በላይ ተደርድረው የሚታዩት የስሜን ተራሮች ለዘመናት መከታ ሆነው ኖረዋል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ አምባ ላይ ወጥቶ በሩን መዝጋት የአባቶች ብልሃት ነበርና። ዳሩ ግን መቅደላን የመሰለ አምባ እንኳ በ1860 ዓ.ም. ከመደፈር አልዳነም።

ጥያቄው ከሰው ልጅ ታሪክ ይልቅ የቀደመ ነው። የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ቀልጦ በፈሰሰ አለት ከመገንባታቸው እጅግ አስቀድሞ፣ በጁራሲክ ዘመን፣ ዛሬ ትግራይና የዓባይ ሸለቆ የምንለውን ምድር ባሕር ሸፍኖት ነበር። በመቀሌ ዙሪያ የሚገኘው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ደለል ነው። በዚያ ዘመን በዓለም ባሕሮች ውስጥ ተስፋፍተው ይኖሩ ከነበሩት ፍጥረታት መካከል፣ እንደ አውራ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ዛጎል የተሸከሙት አሞናይቶች ይገኙበታል። ሊቃውንት ወገናቸውን ሴፋሎፖድ ይሉታል፤ እግሩ ከራሱ የበቀለ ማለት ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ታላቁ ጥፋት በደረሰ ጊዜ ግን ያ ያማረ ዛጎል አላዳናቸውም።

ከዚሁ ወገን የሆነው ኦክቶፐስ የአያቶቹን ዛጎል ጥሎ ራቁቱን ቀረ። ከመንቁሩ በቀር ይህ ነው የሚባል ጠንካራ አካል ስለሌለው በጠባብ ስንጥቅ ሾልኮ ያልፋል። ሦስት ልብና ሰማያዊ ደም አለው። 500 ሚሊዮን ከሚደርሱት የነርቭ ሕዋሳቱ ከግማሽ የሚበልጡት በስምንቱ ክንዶቹ ውስጥ ይገኛሉ፤ ስለሆነም ክንዱ ይዳስሳል፣ ይቀምሳልም። ቆዳው በቅጽበት ድንጋይ ወይም አሸዋ ይመስላል። ቅጥር ላጣ ፍጡር ብልሃት ግዴታው ሆነች።

እንግዲህ ፍርዱ ለጥበብ ነው ይባል ይሆን? መቸኮል አይገባም። ዛጎሉን ያልጣለው ናውቲለስ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ዕድሜውም እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ብልሁ ኦክቶፐስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት ቢኖር ነው። እናቲቱ እህል ሳትቀምስ እንቁላሎቿን ስትጠብቅ ትሞታለች፤ ልጆቿም ከእርሷ አንዳች ሳይማሩ ጥበብን እንደገና ከሀሁ ይጀምራሉ።

ሰውም ቀንድና ዛጎል የሌለው ራቁት ፍጡር ነው። ብልጫው ማሰቡ ብቻ ሳይሆን ያሰበውን ማውረሱ ነው። በደጋው ገብስ፣ በቆላው ማሽላ መቼ እንደሚዘራ የስሜን ልጅ ራሱ ተርቦ አይማረውም፤ ከአያቱ ይሰማዋል እንጂ። ስለዚህ ዕውቀቱን ደብቆ የሚሞት ሰው ወገኑን ወደ ኦክቶፐስ ዕጣ ይመልሰዋል።

የተወረሰውስ እንዴት ይያዝ? ናውቲለስ የሚኖረው በዛጎሉ የመጨረሻ ክፍል ብቻ ነው። የቀድሞዎቹን ክፍሎች እየዘጋ ወደ ፊት ይወጣል፤ በእነርሱ ውስጥ ያለው አየር ግን እንዳይሰምጥ ይይዘዋል። ኅብረተሰብም ትናንት ውስጥ ተመልሶ ሊኖር አይችልም፤ ትናንትን ቆርጦ ከጣለም ይሰምጣል።