ሁለት መለያ፣ አንዲት ልጅ

ዛሬ የማነሣልሽ ጥያቄ ቀላል ሊመስልሽ ይችላል። ሶፍትቦል የምትጫወት ተማሪ ለትምህርት ቤቷ ቡድን ትሰለፍ ወይስ በክፍያ ከከተማ ከተማ ለሚዞረው፣ እዚህ አሜሪካ «ትራቭል ቲም» ለሚባለው ተጓዥ ቡድን? ብዙ ቤተሰብ ጉዳዩን እንደ ሂሳብ ያየዋል። የትኛው ይረክሳል? የትኛውስ ኮሌጅ ያደርሳል? ከሂሳቡ ሥር ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ችሎታ የተሰጠው ሰው በአጠገቡ ላሉት ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ወንድሜ፣ አንተም ሶፍትቦል የሴቶች ነው ብለህ ገጹን አትለፈው። እግር ኳስ ወይም ቅርጫት ኳስ የምትጫወት ከሆነ ይኸው ጥያቄ አንተንም ይጠብቅሃል።

አስቀድመን ነገሩን እንወቀው። ሶፍትቦል እ.ኤ.አ. በ1887 በቺካጎ ከተማ፣ በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ የቤዝቦል ዓይነት ሆኖ ተጀመረ። ሴት ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ሜዳ በብዛት መታየት የጀመሩት ግን «ታይትል ናይን» የተባለው የ1972 ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች በጾታ እንዳያዳሉ ከከለከለ በኋላ ነው። እንግዲህ አንቺ እንደ ተራ ነገር የምትለብሺው የትምህርት ቤት መለያ ብዙ ሰዎች የደከሙበት ነው።

የትምህርት ቤቱ ቡድን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚጫወተው በስፕሪንግ ነው፤ በጆርጂያ ደግሞ በፎል። ተጫዋቾቹ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ለመሰለፍ የክፍል ውጤት መጠበቅ አለበት። ሜዳውና አውቶቡሱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ አሰልጣኙም ብዙ ጊዜ ቀን ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ነው። ተጓዡ ቡድን በአብዛኛው በሰመርና በፎል ይጫወታል። ልጆቹ በዕድሜ ይመደባሉ፤ ከ10 ዓመት በታች፣ ከ12፣ ከ14፣ ከ16 እና ከ18 ዓመት በታች እየተባለ። ከተለያዩ ካውንቲዎች ተመርጠው ይመጣሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ብዙ ጨዋታ በአንድ ላይ ይጫወታሉ። የአባልነቱን፣ የሆቴሉንና የቤንዚኑን የሚከፍለው ወላጅ ነው።

እናትና አባትሽ በሚያውቁት ላስረዳሽ። በአገር ቤት እቁብም እድርም አለ። እቁብ የሚገባው መክፈል የሚችል ነው። አባላቱ እኩል ይጥላሉ፣ በየተራቸው ዕጣ ይወጣላቸዋል፣ ዙሩ ሲያልቅ መለያየት ይቻላል። ነውር የለበትም፤ ስንቱ ሱቅ የከፈተበት ነው። እድርም መዋጮ አለው፤ አባላቱን ያገናኛቸው ግን ጉርብትና ነው። ጎረቤትሽን አንቺ አልመረጥሽውም። አንዱ ነገረኛ፣ አንዱ ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል። ሐዘን ሲመጣ ድንኳን የሚተክለው ግን እሱ ነው። ተጓዡ ቡድን ወደ እቁብ ይጠጋል፤ የትምህርት ቤቱ ቡድን ወደ እድር። በትምህርት ቤትም ሙከራ አለ፣ ሳትመረጥ የምትቀርም አለች፤ ምርጫው ግን እዚያው ደጅ ካሉት ልጆች መካከል ነው።

አሁን ለተጓዡ ቡድን የሚቀርበውን ክርክር ሳናቃልል እንስማው። ስጦታ ያላት ልጅ ጥሩ አስተማሪ ይገባታል። በትምህርት ቤት ኳስ ለመቀበል ከምትንቀጠቀጥ ልጅ ጋር ስትለማመድ የምትውል ጎበዝ፣ ከእኩዮቿ ጋር ብትጋጠም ይበልጥ ታድጋለች። ደግሞም የኮሌጅ ሶፍትቦል የሚካሄደው በስፕሪንግ ስለሆነ፣ የኮሌጅ አሰልጣኞች በዚያው ወቅት በየትምህርት ቤቱ ዞረው ማየት ይቸግራቸዋል። በሰመር ግን በአንድ ቦታ ብዙ ተጫዋች ያገኛሉ። ስለዚህ ወደ ኮሌጅ ቡድን መግባት የምትፈልግ ልጅ በተጓዥ ቡድን ብትሰለፍ ምክንያት አላት። ይህን ሁሉ «ራስ ወዳድነት» ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስጦታን መቅበርም በጎነት አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ክርክር አንድ ነገር ይረሳል። ሁለቱ ቡድኖች አንቺን ሲያጡ የሚደርስባቸው ጉዳት እኩል አይደለም። ተጓዡ ቡድን ፒቸሩ ብትሄድበት ከሌላ ካውንቲ ሌላ ይፈልጋል፤ ተራ የሚጠብቁም አሉት። የትምህርት ቤቱ ቡድን ግን ከራሱ ተማሪዎች ውጪ መፈለግ አይችልም። በሶፍትቦል ደግሞ ኳሱን በትክክል የሚወረውር ከሌለ ጨዋታው ጨዋታ አይሆንም፤ ሜዳ ላይ የተሰለፉት ልጆች ተራማጁን እየቆጠሩ ቆመው ይውላሉ። ስለዚህ መመዘኛዬ ይህ ነው፦ ሁለት ቦታ ስትፈለጊ መጀመሪያ «የት ይበልጥ እጠቀማለሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ቦታዬን ሌላ ሰው ሊሞላው የማይችለው የት ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

«ታዲያ ጎበዝ መሆን ቅጣት ነው እንዴ?» ትዪኝ ይሆናል። አይደለም፤ ዕዳው ወሰን አለውና። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቅሽ አንድ ወቅት ነው፤ በሰመርሽ ላይ መብት የለውም። የጊዜ ሰሌዳውም ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ቦታ አለው። ጭንቁ የሚመጣው ተጓዡ አሰልጣኝ «ስፕሪንጉንም ለእኔ ስጪ» ሲል፣ ወይም አንቺ ራስሽ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ልያዝ ስትዪ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። በአንዳንድ ስቴቶች ደንቡ ራሱ የትምህርት ቤቱ ወቅት ሳያልቅ ለሌላ ቡድን መጫወትን ይከለክላል፤ የአንቺን ስቴት ደንብ አስቀድመሽ ጠይቂ።

እግርሽ ከትምህርት ቤቱ ቡድን ጋር ሆኖ ልብሽ ሌላ ቦታ ሊሆን እንደሚችልም አስቢ። በተጓዥ ቡድን የሠለጠነች ልጅ የትምህርት ቤቱን ጨዋታ እንደ ማረፊያ ልትቆጥረው፣ የጓደኛዋን ስሕተት ዓይኗን እያጉረጠረጠች ልታይ ትችላለች። እንዲህ ያለችው ልጅ ለቡድኑ ያበደረችው ስሟን ብቻ ነው። ሌላዋ ግን በሰመር የተማረችውን ይዛ ትመጣለች፤ የዘጠነኛ ክፍሏን ልጅ ጓንቱን እንዴት እንደምትከፍት፣ ኳሱን በጣቶቿ እንዴት እንደምትይዝ ታሳያታለች። በገንዘብ የተገዛው ትምህርት መክፈል ወደማትችለው ልጅ የሚደርሰው በእሷ በኩል ነው።

ገንዘቡን ካነሣን አይቀር እውነቱን እንናገር። ብዙ ወላጆች የሚከፍሉት «ስኮላርሺፕ ታመጣለች» ብለው ነው። ሌሊት በሆስፒታል የምታድር እናት፣ ቀኑን ሙሉ ታክሲ የሚነዳ አባት ይህን ተስፋ በላብ ይገዙታል። በሃይ ስኩል ሶፍትቦል ከሚጫወቱት መካከል በኮሌጆቹ ማኅበር በኤንሲኤኤ ሥር የሚጫወቱት ግን ከመቶ ከአሥር በታች ናቸው። በዲቪዥን ሦስት ያሉ ኮሌጆች በስፖርት ምክንያት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። በዲቪዥን አንድ ቢሆን አንድ ቡድን ለብዙ ዓመታት ሊሰጥ የሚችለው የ12 ተጫዋች ሙሉ ክፍያ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ያ ገንዘብ ለብዙዎች ይከፋፈል ነበር። የዲቪዥን አንድ አሰልጣኞችም ተማሪዋ 11ኛ ክፍል ከገባችበት ሴፕቴምበር 1 በፊት ስለ ምልመላ እንዳያነጋግሯት ደንቡ ይከለክላል። ስለዚህ የ12 ዓመት ልጅ ላለው አባት «ዛሬ ካልከፈልክ አለቀላት» የሚለው ማስፈራሪያ ውሃ አይቋጥርም። ጨዋታውን ስለምትወጂው ብትከፍሉ መልካም ነው፤ ወላጅ በተስፋ ብቻ ሲበደርበት ዝም ማለት ግን ታማኝነት አይደለም።

ሰውነትሽም ድርሻ አለው። የሶፍትቦል ፒቸር ክንዷን ሙሉ ክብ አዙራ፣ በሃይ ስኩል ከ43 ጫማ ርቀት ትወረውራለች። «ከታች የሚወረወር ኳስ ትከሻ አይጎዳም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ፋታ ያጣ ትከሻ ይጎዳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ወጣት ስፖርተኞች በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን፣ በዓመት ደግሞ በድምሩ ሦስት ወር ያህል ከሚያዘወትሩት ስፖርት እንዲያርፉ ይመክራል። ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ፎል፣ ክረምት በአዳራሽ እያልሽ ብትደምሪ ያ ሦስት ወር የት ይገባል?

የእሑድ ነገርም አለ። ውድድሩ በአብዛኛው የሚያልቀው እሑድ ነው፤ ያሸነፈ ቡድን እስከ ማታ ይቆያል። በዚያ ቀን ከጉባኤው የምትጎድዪው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ መኪናውን የሚነዳው አባትሽና ታናናሾችሽም አብረው ይጎድላሉ። ስንት እሑድ መቅረት እንደሚበዛ ቁጥር አልሰጥሽም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን የውድድሩን ፕሮግራም ዘርግታችሁ እሑዶቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። ያንኑ መመዘኛ እዚህም አምጪው፦ በመዘምራኑ ወንበር፣ በትንንሾቹ ክፍል፣ ብቻዋን በምትቀመጠው አዲስ ልጅ አጠገብ፣ ሌላ ሰው የማይሞላው ቦታ አለሽ?

ደግሞ መመዘኛዬን ከልኩ በላይ እንዳትለጥጪው። ታማኝነት በደልን መሸከም አይደለም። የሚያዋርድሽ፣ በሕመምሽ ላይ እንድትወረውሪ የሚያስገድድሽ አሰልጣኝ ካለ፣ የትምህርት ቤትም ይሁን የተጓዥ፣ ለወላጅሽ ተናግረሽ ብትወጪ ማንንም አልከዳሽም። ትምህርት ቤትሽ የሶፍትቦል ቡድን ከሌለውም ምርጫው ሌላ ነው። ለተጓዡ ቡድን ቃል ከገባሽ ደግሞ ቃል ነው፤ የተሻለ ስም ያለው ቡድን ስለጠራሽ ብቻ በሰመር መካከል ጥለሽ አትሂጂ። እቁብተኛም ቢሆን ዕጣው ከወጣለት በኋላ መክፈሉን ቢያቆም ሰው ያዝንበታል።

ገንዘቡ የሌለሽ እህቴ ሆይ፣ አንቺ የዚህ ጽሑፍ ኅዳግ አይደለሽም። ምርጫ ስላልነበረሽ ያነስሽ አይምሰልሽ። በትምህርት ቤትሽ ሜዳ በየቀኑ የምትገኚው አንቺ ነሽ፤ ቡድኑ ቡድን የሆነውም በአንቺ ነው።

ምርጫ ያለሽ ደግሞ ከሙከራው ቀን በፊት ከወላጆችሽ ጋር ተቀመጪ። ወጪውን፣ እሑዶቹንና የዕረፍት ወራቱን በወረቀት ጻፉ። ከዚያም ከአንቺ ጋር በአንድ ኮሪደር የሚመላለሱትን የቡድንሽን ልጆች ስም በዚያው ወረቀት ላይ ጨምሪ። ውሳኔሽ እነሱንም ይነካልና፣ ለእነሱ ፊት ለፊት ልትነግሪያቸው የማታፍሪበት ውሳኔ ይሁን።