የወርቅ ጥርስ አንድምታ

ንባብ፦ ወርቅ ባሕቲቱ ድኩም ውእቱ። ምስለ ብርት ይጸንዕ። ወእሳት ይሠርዖ፤ ወማይ ያደክሞ።

ንባቡ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም፤ ለዚህ ሐተታ ሲባል የተሰናዳ ነው። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ እንጂ የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት አይደለችም፤ አንድምታ የሚሻ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ስለዚህ ከጋይንት ምን ትርጓሜ ይመጣል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ ንባብ ሦስተኛው ሐረግ ላይ ሲደርስ ያለ ማኅሌት አይፈታም፤ በማኅሌት የሚባለውን ድጓ የምታስመሰክረው ደግሞ ቤተ ልሔም ናት። ወርቁም ለጌጥ የፊት ጥርስ ላይ የሚለበጠው አይደለም። የመንጋጋ ነው፤ የሚያኝክ ወርቅ ነው።

ወርቅ ባሕቲቱ ድኩም ውእቱ። ወርቅ ብቻውን ደካማ ነው አለ። ዝገት የማይነካውን፣ ከመሬት ቢቀበር መልኩን የማይለውጠውን ስለምን ደካማ አለው ቢሉ፥ ለጥርስ ሥራ ነው። ወርቅ ቤቶች ባለ 24 የሚሉት ንጹሕ ወርቅ ቪከርስ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 25 ያህል ነው፤ የጥርሳችን ነጩ ሽፋን ግን ከ300 ያልፋል። የቆሎ ተማሪ መንጋጋው በንጹሕ ወርቅ ቢሸፈንለት፣ ገብስ ቆሎውን በቆረጠመ ቁጥር ወርቁ ይጎደጉዳል፤ ጠርዙም እየተለጠጠ ከጥርሱ ይለቃል።

ሐተታ። የወርቅ አቶሞች በንብርብር ተደራርበው ይኖራሉ። ሁሉም እኩያ ናቸው፤ ስለዚህ አንዱ ንብርብር ሲገፋ በሌላው ላይ ያለ ብዙ ችግር ይንሸራተታል። ልስላሴ የምንለው ይህን መንሸራተት ነው። ብረትን የሚያጠነክረው ሁሉ፣ መዶሻም ሆነ ቅይጥ ወይም እሳት፣ በአንድም በሌላም መንገድ ይህን መንሸራተት የሚያሰናክል ነው።

አንድም፥ ድካሙ ጥቅሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ሮበርት አርተር የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ ንጹሕ የወርቅ ቅጠል ሳይቀልጥ በቀዝቃዛው ቢቀጠቀጥ እርስ በርሱ እንደሚጣበቅ አሳየ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች የተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ ቅጠሉን ቁራሽ በቁራሽ እየጨመሩ፣ እየቀጠቀጡ ይሞሉት ጀመር። እንዲህ የተሞላ ወርቅ ከቅልጡ ወርቅ እጥፍ ያህል ይጠነክራል፤ ምታቱ ንብርብሮቹን አዛብቶ መንሸራተቻቸውን ዘግቷልና። እንኪያስ ብቻውን ደካማ ነው ያለው መዶሻ ሳይነካው ነው።

ምስለ ብርት ይጸንዕ። ከመዳብ ጋር ይጠነክራል አለ። እዚህ ላይ ሙግት ይነሣል፤ ወርቅን ከሌላ መቀየጥ ማጭበርበር አይደለምን ቢሉ፥ አይደለም። ማጭበርበሩንማ በ2000 ዓ.ም. አይተነዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ብሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከላከው ጭነት ውስጥ ጡብ ጡቡ ሲታይ ውጩ ወርቅ የተቀባ፣ ውስጡ ብረት ሆኖ ተገኘና ተመለሰ። በዚያ ጡብ ወርቁና ብረቱ አልተዋወቁም፤ አንዱ ሌላውን ሸፈነው እንጂ አልገባበትም። ሚዛን ላይ ላዋለው ሰው ነገሩ ከባድ ምርመራ አልነበረም፤ ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ብረት ግን 8 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ቅይጥ ሌላ ነው። መዳቡ ቀልጦ ከወርቁ ንብርብር መካከል የወርቁን ቦታ ወስዶ ይቆማል።

ሐተታ። ስለምን ብርትን ለይቶ ጠራ? ብር አልነበረምን ቢሉ፥ ብርማ የወርቅ እኩያ ነው። የሁለቱ አቶም መጠን አንድ ያህል ስለሆነ ብር ከወርቅ መካከል ቢገባ ሰልፉን አያውከውም፤ ቀለሙን ያነጣዋል እንጂ ብዙ አያጠነክረውም። መዳብ ግን ከወርቅ አሥር በመቶ ያህል ያንሳል። ያነሰው በቆመበት ቦታ ንብርብሩ ይሰረጉዳል፤ የተሰረጎደ ንብርብር ደግሞ እንደ ልብ አይንሸራተትም። ፕላቲነምና ፓላዲየም የመቅለጫውን ሙቀት ከፍ ያደርጋሉ፣ ከምራቅም ይጠብቃሉ፤ ፓላዲየም በተለይ መዳብ ያቀላውን መልሶ ያነጣል። ዚንክ ሲቀልጥ የሚገባውን ኦክስጅን ይለቅማል። ኢሪዲየም ከመቶ አንድ እጅ ቀርቶ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ቅልጡ ሲረጋ ፍሬው ደቃቅ እንዲሆን ያደርጋል፤ በጨው ልክ እንኳ አይገባም፣ ሥራው ግን ይታያል።

መዳብ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል ብሎ ማብዛት ግን አይሆንም። አፍ እርጥብ ነው፤ ሎሚም በርበሬም ይገባበታል። መዳብና ብር የበዛበት ወርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ5ኛው የደረጃ መግለጫው የወርቅ ቅይጦችን በአራት ማዕርግ ሲከፍል፣ አራተኛው፣ እጅግ ጠንካራው እንኳ የወርቅና የፕላቲነም ወገን ብረቶች ድምሩ ከ75 በመቶ እንዳያንስ ደንግጎ ነበር። አንደኛው ለስላሳ ነው፤ ብዙ ጫና ለማያገኘው ትንሽ ሙሌት ይሆናል። ሦስተኛው ለሙሉ ሽፋንና ለድልድይ ነው። አራተኛው ለረጅም ድልድይና ለተነቃይ ጥርስ ማቀፊያ ነው።

አንድም፥ ምስለ ብርት ያለው በሚዛን አይደለም፣ በቁጥር ነው። 18 ካራት ማለት ከአራት እጅ ሦስቱ ወርቅ ማለት ነው። አራተኛው እጅ መዳብ ብቻ ቢሆን፣ የሚሰማው ሰው ወርቁ ጌታ፣ መዳቡ ሎሌ ይመስለዋል። ነገር ግን አንዱ የወርቅ አቶም ከአንዱ የመዳብ አቶም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ሲቆጠሩ አንድ ለአንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ይህን ማስተዋል ያሻል፤ ኋላ ለሰልፉ ይፈለጋልና።

አንድም፥ ብርት ያለው በጋይንት ያለፈውን ነው የሚሉ ቢኖሩ ታሪኩ ያስኬዳቸዋል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያዎች ከነሐስ አቅልጠው የሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ፣ ሰባት ቶን ያህል እየከበደ፣ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተቆረጠለት በጋይንት አድርጎ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ተጎትቷል። ለስላሳው መዳብ ከሌላ ብረት ጋር ሲቀየጥ ምን እንደሚሆን ለዚህ አገር ሰው ከዚህ የከበደ ማስረጃ አልቀረበለትም፤ ትከሻው ያውቀዋል።

ወእሳት ይሠርዖ። እሳትም ሥርዓት ያሲዘዋል አለ። መጻሕፍት እሳትና ወርቅን አንድ ላይ ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ ማንጠርን ነው የሚያነሡት፤ ትንቢተ ሚልክያስም በሦስተኛው ምዕራፉ የአንጥረኛን እሳት ያመጣል። ያ እሳት የሚያወጣ ነው። ይህ ግን የሚያወጣው የለም፤ ከእሳቱ በፊትና በኋላ ወርቁ ቢመዘን፣ ቢመረመር ያው ነው። የተለወጠው አቋቋሙ ነው።

ሐተታ። መጀመሪያ ጥርሱ በሰም ይቀረጻል። ሰሙ ጀሶና አሸዋ መሰል ዱቄት በተቦካበት ይሸፈናል፤ ወደ ምድጃ ሲገባ ሰሙ ይቃጠላል፣ ባዶው ቦታ ቅልጥ ወርቅ ይቀበላል። ዊልያም ታጋርት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ለጥርስ ሥራ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ የእኛ አንጥረኞች ግን ሰሙን አስወጥቶ ወርቅ ማስገባትን ከእርሱ አልተማሩም። የጥርሱ ልዩ ጭንቀት ልኩ ነው። ወርቁ ረግቶ ሲበርድ 1.5 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ ስለዚህ የጀሶው ቅርጽ አስቀድሞ ያንኑ ያህል እንዲሰፋ ተደርጎ ይቦካል። አለዚያ ሽፋኑ ጥርሱ ላይ አይገባም።

እሳት ይሠርዖ ያለው ግን ይህን የመጀመሪያውን እሳት አይደለም። ከወጣ በኋላ ዳግመኛ የሚገባበትን ለስላሳ እሳት ነው። ወርቅና መዳብ ከ410 ዲግሪ በላይ ሲግሉ፣ ማኅሌት ሳይጀመር በፊት በቅኔ ማኅሌቱ እንደሚገኙ ሰዎች ናቸው፤ መሪጌታው ከተማሪው፣ ጸናጽል የያዘው ካልያዘው ጋር ተቀላቅሎ ባገኘው ቦታ ይቆማል። ሙቀቱ ከዚያ ሲወርድና ጊዜ ሲያገኙ ግን ግራና ቀኝ ይለያሉ፤ አንድ ረድፍ ወርቅ፣ ቀጥሎ አንድ ረድፍ መዳብ፣ ደግሞ ወርቅ፣ ደግሞ መዳብ ሆነው ይሰለፋሉ። አንድ ለአንድ ናቸው ያልነው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቁጥራቸው ካልተቀራረበ ይህ ሰልፍ አይሞላም። በጥርስ ቅይጥ ውስጥ መዳቡ ከመቶ አሥር ገደማ ስለሆነ ሁሉም አይሰለፍም፤ ደቃቅ የሰልፍ ደሴቶች ባልተሰለፈው መካከል ይፈጠራሉ። የመዳብ ረድፍ ቀጭን ነውና የተሰለፈው ክፍል በአንድ በኩል ያጥራል፤ ባጠረ ጊዜ ጎረቤቱን ይስባል፣ የተሳበው ይወጠራል። በተወጠረ ቦታ ንብርብር አይንሸራተትም። ሩሲያዊው ኒኮላይ ኩርናኮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1916 ወርቅና መዳብ ቀስ ብለው ሲበርዱ ጠባያቸው እንደሚለወጥ አሳዩ፤ ሰልፉን በኤክስሬይ ያዩት በ1920ዎቹ ሌሎች ናቸው።

በላቦራቶሪ ሥራው ቀላል ነው። ሽፋኑ በ350 ዲግሪ ገደማ ለ15 ደቂቃ ይቆያል፣ ይወጣል። አራተኛው ማዕርግ በቪከርስ 150 የነበረው ከ200 ያልፋል። ዋጋው ደግሞ አለው፤ በጠነከረ መጠን መለጠጡ ይቀንሳል፣ ከልክ በላይ የተሰለፈ ወርቅ ይሰነጠቃል። አንደኛና ሁለተኛ ማዕርግ ይህን እሳት ቢያዩት አይሰሙትም፤ የሚሰለፍ በቂ መዳብ የላቸውም። ንጹሕ ወርቅማ ከማን ጋር ይሰለፋል? እሳቱ አንድ ነው፤ የሚያገኘው እንደ ቅይጡ ነው። ይህን ሳያውቁ ወርቅ በእሳት ይጠነክራል ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው።

ወማይ ያደክሞ። ውሃም ያደክመዋል አለ። በእስቴና በስማዳ ገበያ ማረሻና ማጭድ የሚያቀርበው ባለ እጅ ይህን ቢሰማ ይስቃል። እርሱ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ቀይ እንዳለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ስለት ያወጣለታል፤ በእርሱ ቤት ውሃ ማለት ጥንካሬ ነው።

ሐተታ። እንግዲህ ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ ቢሉ፥ ውሃው በሁለቱም ቤት የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ እንደቆማችሁ ቁሙ አለ። አረብ ብረት ሲግል ካርቦኑ በውስጡ ይሟሟል፤ በድንገት ሲበርድ መውጫ አጥቶ ይታሰራል፣ የታሰረው ብረቱን ይወጥረዋል፣ ይጠነክራል። ወርቅና መዳብ ሲግሉ ግን የተቀላቀሉ ናቸው፤ በድንገት ሲበርዱ ሳይሰለፉ ይቀራሉ፣ ያልተሰለፈ ይለሰልሳል። ለዚህ ነው ቴክኒሺያኑ ሊያለሰልሰው ሲሻ በ700 ዲግሪ 10 ደቂቃ አቆይቶ ውሃ ውስጥ የሚጥለው።

አንድም፥ ያደክሞ ማለት ለሥራ ያዘጋጀዋል ማለት ነው። ቅርጹ ከተፈሰሰ በኋላ የወርቁ ቅላት እንደጠፋ ከነጀሶው ውሃ ውስጥ ይገባል። ጀሶው ይፈረካከሳል፣ ለማጽዳት ይቀላል፤ ወርቁም ለስላሳ ሆኖ ስለሚወጣ ጠርዙን ከጥርሱ ጋር በመሣሪያ እያሹ ማገናኘት ይቻላል። ማጠንከሪያው እሳት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ፣ አጠንክሮ ሊያስተካክል የተነሣ፣ ወርቁን ይሰነጥቃል ወይም ያልገጠመ ጠርዝ ለበሽተኛው ያስረክባል። ቀይ የ18 ካራት ቀለበት የሚሠራ አንጥረኛም ወርቁን ገና ትኩስ እንዳለ ውሃ የሚነክረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በራሱ ጊዜ ቢተወው ተሰልፎ ይደርቅበታል።

ይህ ሁሉ መዳብ ላለበት ወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 በኋላ የወርቅ ዋጋ ከታሰረበት በአውንስ 35 ዶላር ተፈትቶ ሲወጣ ብዙ ላቦራቶሪዎች ወደ ኒኬልና ክሮሚየም ቅይጥ ሄዱ፤ ወርቅ የያዙትም ላዩን የጥርስ ቀለም ባለው ፖርሴሊን መሸፈን ለምደው ነበር። ፖርሴሊን ከ900 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገራል። መዳብ እዚያ አይገባም፤ ፖርሴሊኑን ያበላሽበታል። ስለዚህ ከፖርሴሊን በታች የሚቀመጠው ወርቅ ከፕላቲነምና ከፓላዲየም ጋር ነው የሚቀየጠው፤ ማጠንከሪያውም ከመቶ አንድ የማይሞላ ብረት ነው። ያ ጥቂት ብረት በ550 ዲግሪ ገደማ ከፕላቲነሙ ጋር ተጣምሮ ደቃቅ ፍሬ ይሠራና ንብርብሩን ያስራል። በዚህ ቦታ "ምስለ ኀጺን ይጸንዕ" ተብሎ ይነበባል፤ "ወማይ ያደክሞ" የሚለው ይታለፋል፥ ከምድጃ የወጣ ፖርሴሊን ውሃ ቢነካው ይሰነጠቃልና።