ያልተቆጠረው ሦስተኛ ሰው

በሐርጌሳ የከብት ገበያ ሻጭና ገዥ ብቻቸውን አይዋዋሉም። በመካከላቸው ደላላ ይቆማል፤ ሶማሌዎች «ዲላል» ይሉታል። ሥራው ዋጋ ማስማማት ብቻ አይደለም፤ እንስሳው የስርቆት አለመሆኑን ዋስ ሆኖ የሚያረጋግጠውም እርሱ ነው። ስለዚህ ድርሻው በግልጽ ይታወቃል፤ ነገር ቢበላሽም ስሙ ይጠራል። ለመሆኑ በዕውቀት ገበያስ እንዲህ ነውን? ጠያቂውና ተጠያቂው ሲገናኙ በመካከላቸው የሚቆመው ሰው ስሙ የት ይገባል?

ጥናታዊ ጽሑፎችን፣ የደራሲዎቻቸውን ስምና እርስ በርስ የተጠቃቀሱበትን መጠን እየቆጠረ የአንድን የዕውቀት ዘርፍ አካሄድ የሚያሳይ ሙያ አለ፤ ቢብሊዮሜትሪክስ ይባላል። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1964 የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ ሙያው ተስፋፋ፤ የማኅበራዊ ሳይንሱም ማውጫ በ1973 ተከተለ። ዛሬ ኮምፒውተር ከዚህ ቆጠራ ካርታ ይሥላል። እያንዳንዱ ደራሲ አንድ ክብ ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ጽሑፍ አብረው ከፈረሙ በመካከላቸው መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ ሲወፍር ትብብሩ ጠነከረ ይባላል። ካርታው የሚያውቀው ግን ፊርማን ብቻ ነው። ያልፈረመ ሰው፣ ሥራው የቱንም ያህል ቢሆን፣ በዚያ ካርታ ላይ አልተወለደም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ተጉዘው፣ ስለ አማርኛውም ስለ ሀገራቸው ታሪክና ሥርዐትም ለጥያቄዎቹ መልስ ሰጡት። በ1658 ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በባሕር ላይ ሞቱ። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ታተሙ። ሉዶልፍ ውለታ ቢስ አልነበረም፤ ከማን እንደ ተማረ በስም ጠርቶ መስክሯል። ሆኖም በደራሲነት የቆመው ስም አንድ ነው። የዛሬው ቆጣሪ ያንን የርእስ ገጽ ቢያነብ የሚሥለው መስመር የሌለው ብቸኛ ክብ ይሆናል። ምስጋና አይቆጠርምና።

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1956 በለንደን የታተመውን «ሒክመድ ሶማሊ» እንመልከት። ጸሐፊው ሙሴ ሐጂ እስማዒል ገላል፣ አርታኢው ፖላንድ የተወለዱት የቋንቋ ሊቅ አንድሬየቭስኪ ናቸው። ሶማልኛ ይፋዊ ፊደሉን ያገኘው ገና በ1972 ነበር፤ ይሁን እንጂ የሁለቱም ስም፣ የማን ድርሻ የቱ እንደሆነም ጭምር፣ ተለይቶ ተጽፏል። አብሮ መሥራትና አብሮ መፈረም ሳይነጣጠሉ ሊኖሩ እንደሚችሉ ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የቆጠራው ነው ማለት ይቻላል? አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2015 በሶማሌላንድ ስም የተሰየመ አንድ የአፍሪካ ጥናት መጽሔት ብቅ ሲል በአርታኢዎቹ ዝርዝር ውስጥ አንድም ሶማሌ አልነበረም። የታሪክ ተመራማሪዋ ሳፊያ አይዲድ ጉዳዩን አደባባይ አወጣችው፤ ክርክሩም «ዐዳን ስተዲስ» ተባለ፤ «ዐዳን» በሶማልኛ ነጭ ማለት ነው። ያን ጊዜ የሶማሌዎቹን መቅረት ያጋለጠው ስሞቹን አንድ በአንድ መቁጠር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የላይደን ማኒፌስቶም ቁጥርን አልሻረም፤ የቁጥር መለኪያ ለአካባቢያቸው የሚጠቅሙትንና በእንግሊዝኛ ያልተጻፉትን ጥናቶች እንዳይጎዳ ግን አሳስቧል። እንግዲህ ቆጠራ እንደ መስተዋት ነው፤ የቀረበለትን ያሳያል። ሐሰቱ የሚገባው ከቆጠራው በፊት፣ በሚፈረምበት ሰዓት ነው።

ይህን የምለው ራሴን ነጻ አውጥቼ አይደለም። ከዓመታት በፊት በዋሄን ገበያ ለአንድ ተመራማሪ አስተረጉም ነበር። ጥያቄው ስለ ብድር ነበር። ልብስ ሻጭ የሆኑ አንዲት አዛውንት ሴት፣ «እዚህ ዱቤ ብድር አይደለም፣ ዝምድና ነው» ብለው ጥያቄውን ራሱን አረሙት። ጥናቱ ሲወጣ ዋና ሐሳቡ ያ እርማት ሆኖ አገኘሁት። የእኔ ስም አልነበረበትም፤ ተቀየምሁ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) ዋሄን በእሳት ሲወድም ግን እኚያ ሴት ትዝ አሉኝ። ደኅና መሆናቸውን ልጠይቅ ብዬ ተነሣሁ፤ በማን ስም ልጠይቅ? ቃላቸውን አንድ በአንድ አስተርጉሜ ስማቸውን አልጠየቅሁም ነበር። እኔን የዘለለኝ ሰው ያደረገውን እኔም በእርሳቸው ላይ አድርጌዋለሁ።

በእርግጥ ስም ሁሉ ይጻፍ ማለት አይደለም። ስሙ እንዳይታወቅ የሚሻ፣ ቢታወቅ የሚጎዳ ሰው አለ፤ እርሱን መሰወር ግዴታ ነው። ነገር ግን ተጠይቆ «ስሜን ተዉት» ያለና ማንም ሳይጠይቀው የተረሳ ሰው በካርታው ላይ አንድ ባዶ ቦታ ቢሆኑም፣ በኅሊና ፊት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ያከበርነው እኛ ነን፤ ሁለተኛውን የዘረፍነውም እኛው። ስለዚህ ማንም አጥኚ፣ ማንም አስተርጓሚ፣ ደብተሩን ከማጠፉ በፊት አንዲት ጥያቄ ይጨምር፦ «ስምዎ እንዲጻፍ ይወዳሉ?» የከብት ገበያው ደላላ ይህን ያህል ክብር ካገኘ፣ ዕውቀት ያካፈለ ሰው ከዚያ ያነሰ ሊያገኝ አይገባም።