«የቱ ይሻላል?» ስትያቸው

ልጄ፣ በዓይን ልኬት ከኦልተን ተመርቀሽ ዙሪክ መነጽር ቤት ሥራ መያዝሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ጎንደር በዓይን ክፍል ነርስነት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የዓይን መለኪያ ማሽኑን አንቺ ከእኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ። ስለ ሰዎቻችን ግን ጥቂት ልበልሽ። እዚህ ስዊዘርላንድ፣ በምኖርበት ሻትሌን ቡና በተጠራ ቁጥር አንዱ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ «ይኸን ሠሩልኝ፣ አላየሁበትም» ይለኛል። ሳጠያይቀው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመስተዋቱ ሳይሆን ሲለካ የተነገረውና ያልተነገረው ሆኖ ይገኛል።

ሌንስ እየቀያየርሽ «የቱ ይሻላል?» ስትያቸው እነ እትዬ «ሁለቱም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ» ይሉሻል። ይሉኝታ ነው። ባለሙያን ማድከም ነውር ይመስላቸዋል፤ ደግሞ ፈተና የተቀመጡ ያህል መውደቅን ይፈራሉ። አንቺ እንደምታውቂው ማሽኑ መነሻ ይሰጣል እንጂ የመጨረሻዋን ሩብ ዳዮፕተር የሚፈርደው የተቀመጠው ሰው አንደበት ነው። ስለዚህ ገና ሳትጀምሪ «እዚህ የሚሳሳት የለም፤ ልዩነት ካላዩ ‹አንድ ነው› ይበሉኝ፣ እሱም መልስ ነው» በያቸው። ወንበርሽ ላይ ያለው «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ሰው ነው። እዚያ ክፍል ግን ዝምታ ይነቅዛል። ወጣቶቹ ደግሞ በሌላ ይስቱሻል፦ ማይነስ በጨመርሽላቸው መጠን ደስ ይላቸዋል። «ጠራልህ ወይስ አነሰና ጠቆረ?» ብለሽ ካልጠየቅሽ ራስ ምታት ሸጠሽ ትልኪያቸዋለሽ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ዕድሜያቸውን ሰምተሽ ብቻ የንባብ ቁጥር አትስጪ። ዓይናቸው በራሱ ወደ ቅርብ ማስተካከል ያቆመ አዛውንት +2.50 ሲጨመርላቸው ጥርት ብሎ የሚያዩት 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ዳዊታቸውን አትሮንስ ላይ ዘርግተው በርቀት የሚደግሙ ከሆነ ግን ያ መነጽር አንገታቸውን አስግጎ ከገጹ ጋር ያጣብቃቸዋል፤ ለ67 ሴንቲ ሜትር +1.50 ይበቃ ነበር። ስለዚህ «ምን ያነባሉ? ምን ላይ አስቀምጠው?» ብለሽ በክንዳቸው አስለኪያቸው። ፈትል የምትፈትል እናት ካለችም እንዝርቷን የምትይዝበትን እንድታሳይሽ አድርጊ።

ስለ ዓይን መለኪያ ሰሌዳው አንድ ነገር ልጨምር። ሆላንዳዊው ኸርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ያወጣው ሰሌዳ የላቲን ፊደል ነው። የአማርኛ ፊደል ብቻ የቆጠሩ፣ ወይም ጭራሽ ያልቆጠሩ እናት ፊት ዘርግተሽ፣ በልጆቻቸው ፊት «ማንበብ ይችላሉ?» እንዳትዪ። ያ ጥያቄ እንደ ስድብ ይሰማል። አፉ የሚዞረውን ቀለበት ተጠቀሚ፤ እጃቸውን ወደ ክፍተቱ ይጠቁሙልሽ። የቀለበቱ ባለቤት ኤድሙንት ላንዶልት የአራው ልጅ ነው፣ ከኦልተን ዙሪክ ስትመላለሺ የምታልፊባት ከተማ ማለት ነው። አስተርጓሚም ትልቅ ሰው ፈልጊ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን በሽታ ተሸክሞ መተርጎም የለበትም፤ እሷም በልጇ አፍ እውነቱን አትናገርም።

ዕይታቸው ሲደክም ሁሉ መነጽር አይደለም መልሱ። በጠባቧ ቀዳዳ አሳዪያቸው፤ ከጠራላቸው ሌንስ ይረዳቸዋል፣ ካልጠራላቸው ሞራ ወይም ሌላ ነገር ሊኖር ይችላልና ወደ ዓይን ሐኪም ምሪያቸው። ስኳር ያለባቸውን ሰሞኑን ስኳራቸው ከፍና ዝቅ ብሎ እንደሆነ ጠይቂ፤ ስኳሩ ሲዋዥቅ የዓይኑ ልክም አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ ሳይረጋ የተሠራ መነጽር ከወር በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ዓይናቸውን የሚያሹ፣ ብርሃን የሚያስለቅሳቸው የገጠር እናት ከመጡ «ወረንጦ ይይዛሉ?» በያቸው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ የሚያዞረው የዓይን ማዝ በአማራ ገጠር ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ጸጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ የኖሩ ሰው ይህን ለፈረንጅ ሐኪም በራሳቸው አያነሡም። አንቺ ግን የበሽታ ስም አትጥሪ፣ የሐኪም ሥራ ነው። «ልትታወሪ ትችያለሽ» የሚል ቃል ካመለጠሽ ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አትሰማሽም።

መኪና የሚነዱትን ተጠንቀቂ። ሰሌዳውን በቃሉ አጥንቶ የሚመጣ አለ፤ ፈቃዱን የሚነጥቁት መስሎት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የዚህ አገር ሕግ ለተራ መኪና የሚጠይቀው በተሻለው ዓይን 0.5፣ በሌላው 0.2 ነው፣ ያውም በመነጽር ተስተካክሎ። አገር ቤት ካርዳችን ላይ 6/12 ብለን የምንጽፈው እዚህ 0.5 ነው። ይህን ስትነግሪው ትከሻው ሲወርድ ታያለሽ።

እናቶች «መነጽር ዓይን ያደክማል፣ ልጄን አታስለምዱብኝ» ይላሉ። በዚህ እኔ ሙግት አልወድም። እ.ኤ.አ. በ2005–06 በአገራችን በተደረገው ጥናት ለደከመ ዕይታ ከተቆጠሩት መንሥኤዎች 33.4 በመቶው በመነጽር የሚስተካከል እንደነበር ልትነግሪያቸው ትችያለሽ፤ ቁጥር ግን እናትን አያሳምንም። ልጁን የመሞከሪያ ፍሬም አድርጊለትና በመስኮት ያለውን ዛፍ ያሳያት፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ሲቆጥር ትስማው። አንዱ ዓይን ብቻ የደከመ ሕፃን ከሆነ ግን አትለሳለሺ፤ አእምሮው ያንን ዓይን መጠቀም ከተወ በኋላ በልጅነት የሚመለሰውን ያህል በጎልማሳነት አይመለስም። ዋጋው የሚያሳፍራቸው ብዙዎች ናቸውና ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው፦ እስከ 18 ዓመት መሠረታዊው የጤና መድን የዓይን ሐኪም ካዘዘ በዓመት 180 ፍራንክ ይሰጣል። ለአዋቂ ተራ መነጽር አይከፍልምና፣ ውድ ፕሮግረሲቭ ከመሸጥሽ በፊት «አንድ የሩቅ፣ አንድ የቅርብ» ብለሽ ርካሹንም አቅርቢላቸው፤ አለቃሽ ቢያኮርፍም።

ፕሮግረሲቭ ከገዙ አታስቸኩያቸው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ታችኛው ክፍል የንባብ ስለሆነ ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው ሥር ይደበዝዛል። ይህን ለማወቅ በራስ ላይ መሞከር ይበጃል፤ የዓይን ሐኪሙ አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1888 እዚያው ዙሪክ ከመጀመሪያዎቹ ኮንታክት ሌንሶች አንዱን ሲሠራ በጥንቸል ሞክሮ በገዛ ዓይኑ ላይ አድርጎታል። አንቺም አንድ ቀን +2.50 ጭነሽ የሱቅሽን ደረጃ ውረጂ፤ ከዚያ በኋላ «አገጭዎን ዝቅ አድርገው በላይኛው ይመልከቱ፣ ከጎን ያለውን በዓይን ብቻ ሳይሆን ራስዎን አዙረው ይዩ» ስትያቸው የምትናገሪውን ታውቂዋለሽ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደውይላቸው። እነሱ አይደውሉም።