ትሕትናና የተወደደ ጉድለት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ መጠጥን መተውና ወደ መጠጥ የወሰደውን ጠባይ መተው ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ብርጭቆውን ያስቀመጠ ሰው ቂሙንና ትዕቢቱን እንደ ያዘ ሊኖር ይችላል፤ እነዚያም አንድ ቀን ወደ ብርጭቆው ሊመልሱት ይችላሉ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ በአክሮን ከተማ፣ ቢል ዊልሰን የሚባል በአክሲዮን ንግድ የሠራ ሰውና ዶክተር ቦብ ስሚዝ የሚባል ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱም በመጠጥ የተጐዱ ነበሩና እየተረዳዱ የሚድኑበትን ማኅበር ጀመሩ። በ1939 ያሳተሙት መጽሐፍ 12 ደረጃዎችን ያስተምራል። 6ኛው የጠባይ ጉድለት እንዲወገድ ፈጽሞ መዘጋጀት ነው፤ 7ኛው ይህንኑ ከእግዚአብሔር በትሕትና መለመን ነው።

መዘጋጀት ከልመና ስለ ምን ቀደመ? ሰው ጉድለቱን ስለሚወድ ነው። ቂመኛ ቂሙን ፍትሕ ይለዋል፤ ትዕቢተኛም ትዕቢቱን ክብር ይለዋል። ጌጥ ያደረገውን ነገር ማን ይጥላል?

በማስተምርበት ዘመን ደብተሩን በክንዱ የሚሸፍን ተማሪ አይ ነበር። ስሕተቱ ከጓደኞቹ ስሕተት አይበልጥም፤ ነገር ግን ክንዱን እስኪያነሣ ድረስ ላርመው አልችልም ነበር። ትሕትናም ክንድን ማንሣት ነው እንጂ ራስን መናቅ አይደለም። ራሱን የናቀ «እኔ አልረባም» ብሎ ጥረቱን ይተዋል። ትሑት ግን «ጉድለቱ የእኔ ነው፤ ብቻዬን አልቻልሁትምና እርዱኝ» ይላል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። ስለዚህ ከመጠጥም ሆነ ከጫት ለመላቀቅ የምትታገል ብትሆን፣ ጠባይህ በአንድ ቀን ባይለወጥ ተስፋ አትቁረጥ። አስቀድመህ ለጉድለትህ ጠበቃ መቆምን ተው።