የመጀመሪያው እትም ምን ይዟል?

በ1966 ዓ.ም. የታተመውን «እሳት ወይ አበባ» እና በኋላ በድጋሚ የታተመውን ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያነብ ሰው በሁለቱም የሚያገኘው ያንኑ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ነው። አዲሱ እንዲያውም ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ለዓይን ይቀላል፤ ጀርባውም አልተገነጠለም። ታዲያ ጸጋዬን የሚወድ አንባቢ አዲሱን በእጁ ይዞ ስለ አሮጌው እትም ለምን እንቅልፍ ያጣል? አሮጌውን ካገኘ በኋላስ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጂ ለምን ያስሳል?

ፈጥነው የሚመጡ መልሶች ሁለት ናቸው፤ ጉራ ነው የሚለውና ገንዘብ ነው የሚለው። ሁለቱም በዓለም ላይ አሉ። ነገር ግን መጻሕፍቱን ለእንግዳ የማያሳይ፣ ቢቸግረውም የማይሸጥ ሰብሳቢ አውቃለሁ። ጉራም ገንዘብም እሱን አይገልጹትም፤ የእሱ ፍላጎት ሌላ ምክንያት ይጠይቃል።

በሌላው ዓለም ይህ ፍላጎት የተደራጀ ገበያ አለው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1891 ኬልምስኮት የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቁሞ፣ ፊደሉን ራሱ ነድፎ፣ ወረቀቱን በእጅ አሠርቶ፣ በ1896 የቾሰርን ሥራዎች አሳተመ። 425 ቅጂ በወረቀት፣ 13 ቅጂ በብራና ወጣ፤ ማተሚያ ቤቱ ከዚያ ወዲያ አላተመውም። ሞሪስ ሙያውን የሚያፈቅር ሰው ስለነበር ሥራው ክብር ይገባዋል። ከእሱ በኋላ የመጡ አሳታሚዎች ግን ልማዱን ወደ ንግድ ለወጡት። ደራሲው የፈረመበት፣ ከስንቱ ቅጂ ስንተኛው እንደሆነ ቁጥር የተጻፈበት፣ በልዩ ጨርቅ የተጠረዘ መጽሐፍ ገና ሳይታተም ብርቅ እንዲሆን ይወሰንለታል።

የእኛን ብርቅ መጻሕፍት ግን ብርቅ ይሁኑ ብሎ የወሰነላቸው የለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሲወጣ እንደማንኛውም ልብ ወለድ ለብዙ ሕዝብ እንዲሸጥ ታስቦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አስቀድመው የተሸጡት ቅጂዎች ያን ጊዜ ሌላ ነገር ሆኑ። ትናንት መደርደሪያ ላይ የነበረ ልብ ወለድ ዛሬ በጋዜጣ ተለብጦ የሚደበቅ፣ ለሚታመን ወዳጅ ብቻ ለአንድ ሌሊት የሚሰጥ ዕቃ ሆነ። ከዚያ በፊትም በቀይ ሽብሩ ዘመን፣ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ፣ ስንቱ ሰው መጽሐፉን በምድጃ አንድዷል፤ ስንቱስ በጓሮ ቀብሯል። ከእነዚያ ዓመታት ዛሬ ድረስ የዘለቀ እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ሰው «ይሄስ ይቅር» ብሎ የተወው፣ ወይም ሊያቃጥለው አልጨክን ብሎ የሸሸገው ነው።

እንግዲህ ማነስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በውሳኔ የመጣ ነው፤ ሌላው በደረሰ ነገር የመጣ ነው። የመጀመሪያው ስለ አሳታሚው ይነግረናል፤ ሁለተኛው ስለ አንባቢዎቹ። እኔ ልቤ የሚያደላው ለሁለተኛው ነው፤ ምክንያቴንም በደንብ ማስረዳት አለብኝ።

ጀርመናዊው ዋልተር ቤንያሚን፣ ራሱ መጽሐፍ ሰብሳቢ የነበረ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጻፈው ታዋቂ ጽሑፉ፣ አንድ የጥበብ ሥራ በመኪና ሲባዛ እዚህና አሁን የመገኘት ክብሩን ያጣል ብሎ ተከራክሯል። ስለ ሥዕል ሲባል ይገባኛል፤ መጽሐፍ ግን ሲወለድም ቅጂ ነው። የ1966ቱ «እሳት ወይ አበባ» ከማተሚያ መኪናው ሲወጣ ከጎኑ ከወጣው በምንም አይበልጥም ነበር። «ዋናው» የሚባል ካለም በደራሲው እጅ የተጻፈው ወረቀት ነው። ስለዚህ በአሮጌው ቅጂ ላይ የምናየው ክብር አብሮት የተወለደ አይደለም፤ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ያገኘው ነው። መንትያዎቹ ቅጂዎች የሚለያዩት የመጀመሪያው ገዢ ገልጦ ስሙን ከጻፈበት ቀን ጀምሮ ነው።

አንድ ተቃውሞ ይኖራል። ሌሊት ሌባ ገብቶ ቅጂዬን ወስዶ በምትኩ ቁርጥ እሱን የሚመስል፣ እድፉም ቅዳዱም ያው የሆነ ቢያስቀምጥልኝ አላውቅም፤ ካላወቅሁ ምን አጣሁ? ለዚህ የምሰጠው መልስ የሟች እናት ነጠላ ነው። ያንኑ ጥለት ሽሮ ሜዳ ሄዶ መግዛት ይቻላል፤ ሳላውቅ ቢለወጥብኝ አዲሱን እያሸተትሁ ልጽናና እችል ይሆናል። ግን ተታልያለሁ፤ መታለሌም እውነት የሚሆነው የመጀመሪያው በእሷ ትከሻ ላይ ስለነበረ ነው። አንድ ዕቃ የነበረበት ቦታ የዕቃው እውነት ነው፤ እኔ ባውቅም ባላውቅም። ሰብሳቢ ቃሉን ከየትም ያገኘዋል። የሚያስሰው እዚያ የነበረውን ነው።

ጊንጪ ላይ እንዲህ ያለ የ1966ቱ «እሳት ወይ አበባ» ቅጂ አለ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ ወደ አምቦ የሚወርደው መንገድ ጊንጪን ይሰነጥቃታል፤ ጥቁሩ የመረሬ አፈር በክረምት ጫማ አያስለቅቅም፤ አዋሽም ምንጩ ከዚሁ ከፍታ ነው። ጸጋዬ ራሱ በነሐሴ 1928 የተወለደው በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ ነው። ኒውዮርክ በየካቲት 1998 እስኪያርፍ ድረስ መጻሕፍቱ እንደ እሱ ብዙ አገር ዞሩ። በእንግሊዝኛ የጻፈው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ፣ «ኮሊዥን ኦፍ ኦልታርስ» ደግሞ በ1977 ሎንዶን በሬክስ ኮሊንግስ ታተሙ። የጸጋዬን የመጀመሪያ እትሞች ሁሉ ላሟላ የሚል የጊንጪ ሰው፣ ኦሮሞ በጥላው ሥር የሚሰበሰብበትን የኦዳን ዛፍ በርዕሱ የያዘውን ተውኔት ከእንግሊዝ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች መፈለግ አለበት። ይህ ያሳዝነኛል።

ቅጂው ጡረታ በወጡ አንድ አስተማሪ ቤት ነው። በሳጥን ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ጀርባው ከተገነጠለ ቆይቷል፤ በዱቄት ከረጢት ጨርቅ ተለብጦ በመርፌ ተሰፍቷል፤ ክሩ ጥቁር ነው። የወረቀቱ ጠርዝ እንደ ተጠመቀ ጌሾ ቀለም ይዟል፤ ያለ ጥንቃቄ ከታጠፈ ይሰበራል። በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ሦስት ስም ነበረበት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ይነበባሉ፤ ሦስተኛው የአስተማሪው ነው። የመጀመሪያው በምላጭ ተፍቋል፤ ወረቀቱ እዚያ ጋ ከመሳሳቱ የተነሣ ወደ ብርሃን ሲያዙት ያሳልፋል። ማን እንደፋቀው አያውቁም፤ ለምን እንደተፋቀ ግን የዚያ ዘመን ሰው አይጠይቅም። መጽሐፍ ላይ የተገኘ ስም ባለቤቱን የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር።

መሐል ላይ አንድ ቅጠል ጎድሏል። በቦታው ከደብተር የተቆረጠ ወረቀት ገብቶ በሙጫ ተያይዟል፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአስተማሪ እጅ፣ የጎደለው ሁሉ ከነሥርዓተ ነጥቡ ተገልብጦበታል። አምቦ ካለ ጓደኛቸው ቅጂ ላይ ነው የገለበጡት።

«ጋሼ፣ ሙሉ ቅጂ ባመጣልዎ ይለውጡኛል?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ሙሉው ይኸው አይደል እንዴ» አሉኝ።

አዲስ አበባ፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ለሚሸጥ ሰው ይህ ቅጂ ጉድለት ያለበት ነው፤ ዋጋው ይወርዳል። የገበያው ሚዛን የተሠራው ባልተነካ መጽሐፍ ልክ ነው። እኔ ግን ሳይገለጥ ሃምሳ ዓመት የቆየ መጽሐፍ የሚመሰክረው ምን እንደሆነ አይታየኝም። ማንም እንዳላነበበው ነው የሚነግረኝ። እዚህ ላይ ከብዙ ሰብሳቢዎች ጋር አንስማማም፤ ለእነሱ ንጽሕና ሀብት ነው፤ ለእኔ የተፋቀው ስም ነው ሀብቱ።

የብራናው ዘመን ሰዎች ይህን ሳይጽፉት ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ። በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ሁለት አንድ ዓይነት የለውም። ገድልና ድርሳን ያስጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መሐል ይገባል፤ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይተካል። መጨረሻው ላይ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይጻፋል። ስምን መፋቅ ከስርቆት ጋር አንድ ላይ መወገዙን ልብ ይሏል። የመጽሐፉን ታሪክ ማጥፋት መጽሐፉን እንደ መውሰድ ተቆጥሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሰብሳቢነት የጠቆረ ፊቱን ያሳያል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ 350 ያህል ብራናዎች ለሙዚየሙ አገኘ። ዕቃው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ብራናዎቹ በክብር ተቀምጠዋል፤ አልተቃጠሉም፤ ሊቃውንትም ያጠኗቸዋል። ነገር ግን ይጸለይባቸው ነበር፤ ተማሪ ይቀጽልባቸው ነበር። ከሚያነባቸው ሰው ተነጥለው ወደሚጠብቃቸው ሰው ሄዱ። እዚህ አገር ብርቅ የሆኑት እዚያ ስለተሰበሰቡ ነው። በትንሹም ቢሆን ያው ነገር በየቀኑ ይደረጋል፤ ከአንዲት የገጠር ከተማ የመጨረሻውን ቅጂ ገዝቶ አዲስ አበባ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆልፍ ሰው ለቀረችው ከተማ ብርቅነትን ይፈጥርላታል። የዚህ ዓይነቱ ፍቅር ደራሲውን ከአንባቢው ይነጥቃል፤ ፍቅር ልለው አይቻለኝም።

ለሰብሳቢው የሚከራከርም አለ፤ ክርክሩም ከባድ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ፎልገር እ.ኤ.አ. በ1623 ከታተመው የሼክስፒር ተውኔቶች ጥራዝ 82 ቅጂ ሰበሰበ። አንድ መጽሐፍ 82 ጊዜ መግዛት ዕብደት ይመስላል። በኋላ ግን ቻርልተን ሂንማን የተባለ ምሁር ከእነዚያ ቅጂዎች ብዙዎቹን ገጽ በገጽ ሲያስተያይ፣ ማተሚያው እየሠራ ስሕተት ሲገኝ እየቆመ ይታረም ስለነበር ቅጂዎቹ እርስ በርስ እንደሚለያዩ አሳየ። መነሻዬ ላይ «ያንኑ» ያልሁትም እንግዲህ በልኩ መወሰድ አለበት። «ኦቴሎ»ንና «ሃምሌት»ን ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ መጻሕፍት የተለቀሙት በእርሳስ ፊደል፣ በሰው እጅ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር እንደገና ሲተየቡ ሀ ሐ ይሆናል፣ ሰ ሠ ይሆናል፣ አንድ ነጠላ ሠረዝ ይዘለላል፤ በጸጋዬ ግጥም ደግሞ አንዲት ሠረዝ ትንፋሽ ናት። ደራሲው በሕይወት እያለ፣ ራሱ አርሞ ያሳለፈው እትም ከእጃችን ከጠፋ የቀረውን በምን እናርማለን? በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር እና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚቀመጡ ቅጂዎች አሉ፤ አንድ ቅጂ ግን አንድ ምስክር ብቻ ነው። የሰብሳቢው ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጂ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ከመቆለፊያው ከወጣ።

ሲወጣ ደግሞ ይጎዳል። ያ ወረቀት ከእንጨት የተሠራ ነው፤ በውስጡ ያለው አሲድ ራሱን ይበላዋል፤ የእያንዳንዱ አንባቢ ጣት ደግሞ ያፋጥነዋል። ጊንጪ ያሉት አስተማሪ መፍትሔያቸው እንዲህ ነው፤ መጽሐፉ ከቤት አይወጣም፣ የመጣ ተማሪ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያነባል፣ ገጹን እሳቸው ይገልጡለታል። በስልክ የሚዞረውን ፒዲኤፍ አይንቁም፤ ግጥሙን ለማጥናት እሱ ይበቃል ይላሉ። ወደ በረንዳው የሚመጣው ተማሪ የተፋቀውን ስም ደግሞ ያያል።

አሁን አንድ ወጣት መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ሊያስቀምጥላቸው ነው፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቅጠል ላይ ሲደርስ ግን ተከራክረናል። እሱ ከንጹሕ ቅጂ የታተመውን ገጽ ፈልጎ በቦታው ሊያስገባ ይፈልጋል፤ የ1966 እትም እንዲባል ሁሉም ገጽ የ1966 መሆን አለበት ይላል። እኔ የደብተሩ ወረቀት እንዳለ ይግባ ባይ ነኝ። የታተመው ገጽ በሌላ ቅጂ ላይ ይገኛል፤ አዲስ አበባም ሎንዶንም ሊኖር ይችላል። አንድ የጊንጪ አስተማሪ አምቦ ድረስ ሄዶ በሰማያዊ ቀለም የገለበጠው ግን ሌላ የትም የለም፤ ከዚህ መጽሐፍ ከወጣ የ1966ቱ እትም አንድ አንባቢ ያንሰዋል።